ትርፍ ውሃ

ሰኞ 3

ዛሬ ተሳካልኝ። እንዲህ ዓይነት ቀን ስለማይበዛ ልጻፈው። ለባሌ ልነግረው ሞክሬ ነበር፤ እሱ ግን ስለ ወንዝ ማውራት ስጀምር ገና ከምንጩ ሳልርቅ ያዛጋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንዛችን ከላይ፣ ገደሉ ከሚጠብበት ቦታ ላይ ተገድቧል። ግንቡ አልቋል፤ ተራራውን በስቶ ውሃውን ወደ ከተማ የሚያመጣው ዋሻም አልቋል። የቀረው የአለቃቀቅ ደንቡ ነው፦ ለከተማው ስንት ይሂድ፣ ለወንዙ ስንት ይቅር። የእኔ ሥራ ሁለተኛውን መናገር ነው። መሥሪያ ቤት «የዓሣ እናት» ይሉኛል። ሲያሾፉብኝም ሲያከብሩኝም ስሙ ያው ነው።

ግድብ እጠላለሁ ማለት አይደለም። እኛ ቤት ቧንቧው የሚመጣው በሳምንት ሁለት ሌሊት ነው፤ ኮሪደሩ ላይ የተደረደሩትን ጀሪካኖች እየተሻገርኩ ነው ወደ መኝታ ቤት የምገባው። ውሃው ከመምጣቱ ስለሚጠፋ የቧንቧው ጎሚኒ፣ ውሃውን የሚዘጋው ላስቲክ፣ መበላቱን እንኳ ከቁም ነገር የቆጠረው የለም። ባሌ «እቀይረዋለሁ» ካለ ዓመት አልፎታል።

ስብሰባው ላይ የፕሮጀክቱ ኢንጂነር «በበጋ ከግድቡ በታች ቢያንስ ስንት ይለቀቅ?» አለኝ። «በሰከንድ መቶ ሃያ ሊትር» አልኩ። ክርክር ጠብቄ ወረቀቴን ሁሉ ደርድሬ ነበር የገባሁት። እሱ ግን አንዴ ጣሪያውን አይቶ «ይሁን» አለ። በቃ! ሰባ እንኳ ከሰጠኝ እድለኛ ነኝ ብዬ ነበር።

ከዚያ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ልጅ «ከመቶ ሃያው በላይ ያለውን ምን ብዬ ልጻፈው?» አለች። አንዱ «ተጨማሪ» አለ፣ ሌላው «ቀሪ»፣ ሦስተኛው የሆነ ረጅም ሐረግ አመጣ። የምሳ ሰዓት አልፎ የሁሉም ሆድ ይጮኻል። «ለጊዜው ትርፍ በሉትና ምሳችንን እንብላ» አልኩ። ሳቁ። ኢንጂነሩ ራሱ ሳቀ። ስወጣ በሩን ይዞልኝ ቆመ።

ደስ ብሎኛል። ደስ ቢለኝ ምን አለበት?


ረቡዕ 5

ጋሼ ደወለ። ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው አባታችን ቤት ነው፤ ከግድቡ በታች፣ ከወንዙ ዳር። ከመተኛቱ በፊት በር ላይ ቆሞ ውሃውን ሳይሰማ አይገባም።

«ቅዳሜ ሊያወያዩን ነው አሉ። አንቺ አለሽበት?»

«አለሁበት ጋሼ።»

«እንግዲያ እኔ ምን አስጨነቀኝ።»


እሁድ 9

ትናንት ከውይይቱ ስመለስ መሽቶ ስለነበር አልጻፍኩም። ዛሬም ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ከፊት ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ ተደርድሯል፤ እኔም ከኢንጂነሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ጋሼ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሆኖ ያየኛል። ሸሚዙን ተኩሶ መጥቷል።

ባለወፍጮዋ ሴትዮ ተነሡ። ልጅ ሆነን ከጓሯቸው ሸንኮራ ስንሰርቅ በጫማ ያባርሩን ነበር። «እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው» አሉ። «ወንዝ ከላይ ሲይዙት ከታች ይደርቃል። ይደርቃል ወይስ አይደርቅም?»

ኢንጂነሩ ቀስ ብሎ፣ በትሕትና መለሰላቸው። «አይደርቅም እማማ። ለወንዙ የሚያስፈልገው በባለሙያ ተለክቶ ይለቀቃል። እኛ የምንወስደው ትርፉን ብቻ ነው።»

ትርፉን ብቻ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ዓይነት የመተንፈስ ድምፅ ተሰማ። ትርፍን ማን ይከለክላል? ከቤትህ የተረፈውን ጎረቤት ቢወስደው ምን ትላለህ? ያኔ ጋሼ ብድግ አለ። «እህቴ አለችበት» አለ። «እዚህ ወንዝ ውስጥ ነው ያደገችው። ዓሣውን በስም ታውቀዋለች። እሷ ልክ ነው ካለች ልክ ነው።» ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

ራሴን የነቀነቅኩ ይመስለኛል።

እጅ አወጡ፤ ተስማሙ። ባለወፍጮዋ መጨረሻ ላይ አወጡ።

ከዚያ ጋሼ ቤት ምሳ በላሁና ወደ ደረጃው ወረድኩ። ደረጃው የምንለው ወንዙ በሰፋፊ ድንጋዮች ላይ እየተንሸራተተ የሚወርድበትን ቦታ ነው። ባለጢሞቹ ዓሣዎች በጋውን ከደረጃው በታች ባሉት ኩሬዎች ይከርማሉ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥልና ውሃው ሲሞላ ደረጃውን ወጥተው፣ ከላይ ባለው ጠጠር ላይ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። የሚወጡት ያኔ ብቻ ነው። መቶ ሃያው ሊትር ኩሬው ውስጥ በሕይወት ያቆያቸዋል እንጂ ደረጃውን አያስወጣቸውም። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ጥናቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። የክረምቱ ውሃ ግን በግድቡ አናት ሞልቶ ያልፋል ብዬ ነበር የማስበው። ማን ይችለዋል ብዬ።

ይችሉት ይሆን እንዴ?


ማክሰኞ 11

ቃለ ጉባኤው ደረሰኝ። «ትርፍ ውሃ ማለት በማንኛውም ወቅት ከዝቅተኛው መጠን በላይ ወደ ግድቡ የሚደርስ ውሃ ነው።» በማንኛውም ወቅት። ሥሩ የተገኙት ሰዎች ፊርማ አለ፤ የእኔ ሦስተኛው ነው። ያን ቀን መገኘቴን የፈረምኩ መስሎኝ ነበር።

ወረቀቱን ይዤ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ጡረታቸው ደርሷል፤ መስኮታቸው ላይ አበባ ያጠጣሉ። ነገሩን አስረዳኋቸው። ክረምት ሲመጣ ዓሣው ደረጃውን መውጣት እንደማይችል፣ ሁለትና ሦስት ዓመት እንዲህ ከሄደ ኩሬው ውስጥ ሽማግሌ ዓሣ ብቻ እንደሚቀር፣ ከዚያ እሱም እንደማይቀር።

«ልጄ፣ ቃል ነው እኮ» አሉኝ። «ደንቡ ሲጸድቅ ይስተካከላል።»

«መቼ ነው የሚጸድቀው?»

«ይደርሳል። አሁን ነገር አታንሺብኝ። መዋቅር እየተጠና መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ክፍላችንን ደግሞ የሚፈልግ የለም። ዓይን ውስጥ አንግባ።» አበባቸውን ማጠጣት ቀጠሉ። ውሃው ከሳህኑ ሞልቶ መስኮቱ ላይ ፈሰሰ፤ በእጅጌያቸው ጠረጉት።

ለሜትር ነገርኩት። ሜትር የወንዝ ፍሰት የሚለካልን ባልደረባዬ ነው፤ ቁመቱም አጭር ስለሆነ ስሙ በሁለት በኩል ይሄድለታል። ዘወትር ይቀልዳል። ዛሬ ግን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ «ጻፊ» አለኝ። «ዛሬውኑ ጻፊ። ተሳስተናል በይ።»

«ተሳስተናል ነው ወይስ ተሳስቻለሁ?»

«ቸግሮሽ ከሆነ የእኔንም ስም ጨምሪበት።»

ነገ እጽፋለሁ።


ዓርብ 14

ሚኒባስ ውስጥ። ረዳቱ በር ላይ ቆሞ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ይመልሳል፦ «ትርፍ አንጭንም እናት፣ ትራፊክ አለ።» ሴትየዋ «እኔ ትርፍ ነኝ?» አለችው። ሰው ሳቀ። እኔ ተነሥቼ አስቀመጥኳት፤ ከዚያ ትርፏ እኔ ሆንኩና ወረድኩ። በእግሬ ሄድኩ።

ደብዳቤውን አልጻፍኩም። ሪፖርት ነበረብኝ።


ሐሙስ 20

ኢንጂነሩን ቢሮው ሄጄ አናገርኩት። ክፉ ሰው ቢሆን በቀለለኝ። ወንበር አቀረበልኝ፤ ሻይ አስመጣልኝ፤ ስልኩን ዘግቶ አዳመጠኝ። ደረጃውን ወረቀት ላይ ሣልኩለት፣ ዓሣውንም ጭምር። «ጢም አለው እንዴ?» ብሎ ፈገግ አለ።

«የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች ልቀቁልኝ» አልኩት። «ጥቂት ቀን ብቻ። ውሃው ሞልቶ ይለፍ። ከዚያ በኋላ ያለውን ውሰዱ።»

«የማይሆነውን አልነግርሽም» አለ። «ዋሻው የተሠራው የክረምቱን ውሃ እንዲችል ተደርጎ ነው። ከተማው በጋውን የሚጠጣው ያን ነው። የክረምቱን ከለቀቅኩማ ምን ልሠራ ገደብኩት?»

«ሁሉንም አላልኩህም እኮ። ጥቂት ቀን።»

«ይገባኛል። ግን በምን ልልቀቀው? እኔ በር ከፍቼ ውሃ የምለቀው በደንብ ነው። ደንቡ ቁጥር ይለኛል፣ ቁጥሩ ያንቺ ነው። እኔ አንድ ሊትር አልቀነስኩብሽም።» እውነቱን ነው፤ አልቀነሰብኝም። ያን ቀን ለምን እንዳልተከራከረኝ አሁን ገባኝ። በበጋ መቶ ሃያም ሰባም ለእሱ ልዩነት የለውም፤ የእሱ ዓይን የነበረው ከላይ ያለው ላይ ነው።

ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጦ እንዲህ አለኝ። «ደንቡ ሳይጸድቅ ጻፊ። ያቀረብኩት ቁጥር ለበጋ ብቻ ነው፣ ትርፍ ያልኩትም ስሕተት ነው በይ። በፊርማሽ። እኔ አላግድብሽም፤ አቀርበዋለሁ። ብቻ ከላይ ያሉት፣ መሳሳቷን ካመነች ሌላውንስ ጥናቷን በምን እናምናለን ቢሉ እኔን አትቀየሚኝ።»

ስወጣ አሁንም በሩን ይዞልኝ ቆመ።

ስለዚህ መንገዱ ክፍት ነው። አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። መጻፍ ደግሞ አያቅተኝም። ብቻ አለቃዬን ሳላማክር ብልከው ክፍሉን አጋልጣለሁ፤ መዋቅሩ እስኪታወቅ ትንሽ መታገሥ ብልህነት ነው። ይህ ውሃ የሚያነሳ ምክንያት ነው። ሜትርም ቢሆን ልጆች አሉት።

ሜትርን ግን አልጠየቅኩትም።


ሰኞ 24

ጋሼ ደወለ። «ባለወፍጮዋ ስላንቺ ጠየቁኝ፤ ተረጋጉ አልኳቸው» አለኝ። ሰማይ ደመና ይዟል አለ። ጊዜው አይደለም፣ ነፋስ ይወስደዋል አልኩት።

ደብዳቤውን ጀምሬዋለሁ። «በአክብሮት» የሚለውን።


ቅዳሜ 29

ሆስፒታል ነኝ። ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው። ባሌ ተኝቷል፤ ደህና ነው።

ከረቡዕ ጀምሮ «ሆዴን» እያለኝ ነበር። «በላይ በላይ በልተህ ነው» አልኩትና ዞር አልኩ። እኔ የደብዳቤውን ሁለተኛ አንቀጽ ሳፈርስና ስሠራ እሱ እዚያው ሶፋ ላይ ሆዱን ይዞ ተኮራምቶ ነበር። ትናንት ማታ ላብ በላብ ሆኖ አገኘሁት። ትርፍ አንጀቱ ነው፤ ሊፈነዳ ትንሽ ነው የቀረው።

ቀዶ ሐኪሟ ስትወጣ ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ ተቆጣችን። «እስካሁን ምን ትጠብቁ ነበር?» ባሌ ዛሬ ጠዋት ስትጎበኘው ሊያስተባብል ሞከረ። «ትርፍ አንጀት ቢሆን ነው ብዬ... ትርፍ ስለሆነ ብዙም...» አለ።

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚለኝ» አለች። «ትርፍ ስለተባለ እስኪፈነዳ ያስታምመዋል። ይህን ስም ያወጣለትን ሰው ባገኘሁት!»

ባሌ ሣቀ፤ ስፌቱ ወጋውና አቃሰተ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

አንጀቴን በላኝ። ሰውዬው ሦስት ቀን ሙሉ አጠገቤ ሲታመም አላየሁትም። አይቼው ቢሆን ኖሮስ? ውሃ አፍልቼ እሰጠው ነበር፣ ያውም ጀሪካኑ ውስጥ ካለ። ወንዙም እንዲሁ። እንዲያውም የወንዙ ይብሳል፤ ወንዙን እያየሁት ነው።

ምን እያልኩ ነው? ደክሞኛል።


ማክሰኞ 2

ባሌ ቤት ገባ። ደረጃ መውጣት የለበትም ተብሏል። እኔም «ዓሣዎቹም እንደዚሁ» አልኩት። አልገባውም።

ደንቡ በዚህ ወር ይጸድቃል ይላሉ።


ሐሙስ 11

መዋቅሩ ወጣ። ግድግዳው ላይ ለጠፉት፤ ሰው ሁሉ ተጋፍቶ ስሙን ይፈልጋል። ከላይ «ትርፍ የሰው ኃይል» ይላል። ከሥሩ ስም።

የእኔ የለም። ሁለት ጊዜ አየሁ፣ የለም። ደስ አለኝ፤ ለራሴ ደብተር ልዋሽ? ባሌ ከአልጋ ሳይነሣ እኔ ብወጣ ምን እንሆን ነበር?

ሜትር አለበት። «ፍሰት ለኪ፣ አንድ።» ግድቡ የራሱ መለኪያ ስላለው ሰው አያስፈልግም ተብሎ ነው።

ሜትር ቢሮ ገብቶ ዕቃውን ሲሰበስብ በሩ ላይ ቆምኩ። የፍሰት መለኪያው መሣሪያ የራሱ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ሲበላሽ መግዛት ስላቃተው ከኪሱ ነው የገዛው። በፎጣ ጠቀለለው።

«እንግዲህ ትርፍ ሆኛለሁ» አለ። «በዋሻ ወደ ከተማ እንዳትወስጂኝ።»

ሁለታችንም ሣቅን። ከዚያ «ጻፍሽው?» አለኝ።

«አልቋል፤ ማስተካከያ ነው የቀረው።»

አላለቀም ነበር። ሜትር ይህን ያውቃል፤ ፊቴን አላየኝም፤ ፎጣውን እንደገና ፈትቶ እንደገና ጠቀለለው።

ኮሪደር ላይ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። «የዓሣ እናት ተረፈች።» «እሷማ ትተርፋለች፤ ፊርማዋ አለበት አይደል።» ዞር ብዬ አላየሁም። ማን እንደሆኑ ባውቅ ምን አደርጋቸዋለሁ?


ዓርብ 12

ጻፍኩት። አንድ ገጽ። ለራሴ ስል አላለዘብኩትም። ለበጋ ብቻ ነው፤ ትርፍ ማለቴ ስሕተት ነው፤ የመጀመሪያው ዝናብ ካልተለቀቀ ዓሣው ያልቃል። ፈረምኩ።

አለቃዬ አንብበው መለሱልኝ። «ባለፈው ወር ብታመጪው ኖሮ እኔም አብሬሽ እፈርም ነበር» አሉ። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። መዝገብ ቤት ወስጄ ማኅተም አስመታሁበት።


ሐሙስ 25

መልስ መጣ። አሥር መስመር እንኳ አይሞላም። ደንቡ መጽደቁን፣ የጸደቀውም ደብዳቤዬ በደረሰበት ሳምንት መሆኑን፣ ሐሳቡ ግን «ጠቃሚ ሆኖ ስለተገኘ» ከአምስት ዓመት በኋላ በሚደረገው ክለሳ እንደሚታይ።

ኢንጂነሩ ደወለ። «ያልኩሽን አደረግኩ፤ አቅርቤዋለሁ» አለ። «ትንሽ ቀደም ብሎ ቢሆን...» ጨረስኩለት፦ «አውቃለሁ።» ሌላ የማናግረው ሰው አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አንድ ስም ነገረኝ። እዚያ ሄድኩ፤ ወደ ሌላ መሩኝ። ሌላው ወደ መጀመሪያው መለሰኝ። ሜትር ይህን ብነግረው «ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ» ይለኛል፤ ሥራችንን እንደዚያ ነበር የሚጠራው።

ለጋሼ ምን ብዬ እንደምነግረው አላውቅም። ዛሬ ስልኩን አላነሣሁለትም።


ቅዳሜ 4

ዋሻው ተከፈተ። በቴሌቪዥን አየነው። ሪባን ቆረጡ፤ ውሃው ከዋሻው አፍ እየተገለበጠ ወጣ። ኢንጂነሩ ከኋላ ቆሞ ያጨበጭባል።

ባሌ «ኧረ ውበቱ!» አለ። ከዚያ ዞር ብሎ አየኝ። ቀጥሎም «ያም ሆነ ይህ ጀሪካኑን እንገላገል ይሆናል» አለ፣ ድምፁን ቀነስ አድርጎ። እኔም ያን ሳስብ ነበር። በገዛ ሳሎኔ አፈርኩ።


ሐሙስ 9

ጋሼ ደወለ፤ ዛሬ አነሣሁለት። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ነገ ከነገ ወዲያ ይጥላል አለኝ። «ዓሣዎቹ ከደረጃው ሥር ተሰብስበዋል። እንዲህ በዝተው አላየሁም። ነይና እይ እንጂ፣ ትወጂው የለም?»

«እመጣለሁ ጋሼ» አልኩ። ሌላ ነገር ልነግረው ነበር። ያፌን መለስኩት።

ሜትርን አብረን እንሂድ አልኩት። «ሥራ የለኝ፣ ምን እሠራለሁ» አለና መሣሪያውን ይዞ መጣ።


እሁድ 12፣ ጋሼ ቤት

ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ቆርቆሮው ላይ እንደ ድንጋይ ነበር የሚወርደው። ጋሼ ተነሥቶ በሩን ከፈተ፤ እኔም ተነሥቼ አጠገቡ ቆምኩ። ልጅ ሆነን እንዲህ ሲዘንብ አባታችን ቀስቅሶ ያሰማን ነበር። ትንሽ ቆይቶ ከገደሉ በኩል ጉም ጉም የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ውሃው ድንጋይ እያንከባለለ ሲወርድ ነው። «መጣላችሁ» ይለን ነበር አባቴ።

ጆሯችንን ጥለን ቆምን። ዝናብ ብቻ ነው የሚሰማው።

«ዘገየ» አለ ጋሼ።

እሱ በሩ ላይ ወንበር አምጥቶ ተቀመጠና እዚያው ነጋበት።

ጠዋት ወረድን። ከየጓሮው የገባው ጎርፍ ትንሽ አደፈረሰው እንጂ ወንዙ ከትናንቱ አንድ ጣት አልጨመረም። ደረጃው ላይ ውሃው ቁርጭምጭሚቴ አይደርስም። ከሥሩ ግን ኩሬው ይፈላል። ባለጢሞቹ ዝናቡን ሰምተዋል፤ ሆዳቸው ዕንቁላል ሞልቶ እየተነሡ ይዘላሉ። ድንጋዩ ላይ ያርፋሉ፤ በሆዳቸው ትንሽ ይሳባሉ፤ ተንሸራተው ይወድቃሉ። እንደገና ይዘላሉ። አንዷ ድንጋዩ ላይ ቀርታ አፏን ስትከፍትና ስትዘጋ ጋሼ በሁለት እጁ አንሥቶ ወደ ውሃው መለሳት። ተመልሳ ዘለለች።

ሰው ተሰበሰበ። ባልዲ አመጡ። ማንም አላዘዘም፤ ሁሉም ዓሣውን እየጨለፈ በደረጃው ዳር ዳር ተሸክሞ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። እኔም ተሸከምኩ። ላይ ስንደርስ ጠጠሩ ውሃ የለበትም። ዕንቁላል የሚጥሉበት ቦታ ሁሉ ዝናብ ብቻ ያረጠበው ጠጠር ነው፤ መሃሉ ላይ ያለችው ውሃ ጎናቸውን አትሸፍንም። የጨመርናቸው ዓሣዎች ውሃውን ተከትለው ወደ ታች ተመለሱ። እያየኋቸው በደረጃው ተንከባልለው ወደ ኩሬው ገቡ። ሰዎቹ ግን አሁንም በባልዲ ይወጣሉ። ተዉት ማለት አቃተኝ። እኔም ሌላ ባልዲ ሞላሁ።

ባለወፍጮዋ ዘንግ ይዘው ዳር ቆመዋል። ሳልፍ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ዝናብ ዘንቦ ውሃው የት ሄደ?»

አፌን ከፈትኩ። ጋሼ ቀደመኝ። «ወደ ከተማ ሄደ እማማ። እሷ ምን ታድርግ?»

ሴትዮዋ እሱን ትተው እኔን አዩ። «ትርፉ ነው የሚሄደው አላላችሁም?»

ባልዲው ውስጥ ዓሣዋ ስትገላበጥ ውሃው ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ።

ሜትር ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ቆሞ ይለካ ነበር። ከዳር እዳር ለክቶ ስልኩ ላይ አሰላ። ሁለተኛ አሰላ። ጋሼ አጠገቡ ሄዶ ቆመ፤ እኔም ሄድኩ። ሰርቀውናል እንዲለኝ ነበር የምመኘው። ቢሰርቁን ኖሮ የምከስሰው ሰው አገኝ ነበር።

«መቶ ሃያ ሁለት» አለ ሜትር። ከዚያ «ሁለቷ ትርፍ ናት» አለ። አልሣቀም።

ጋሼ ወደ እኔ ዞረ። «ያንቺ ቁጥር ስንት ነበር?»

«መቶ ሃያ።»

«እንግዲያ ልክ ነው?»

«ልክ ነው ጋሼ።»

ራሱን ነቀነቀ፣ አዳራሹ ውስጥ እኔ እንደነቀነቅኩት ሳይሆን ቀስ ብሎ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ባዶውን ባልዲ አነሣና ወደ ኩሬው ወረደ።

ያኔ ነው ስልኬ የጮኸው። ባሌ ነው። ድምፁ እንደ ልጅ ሆኗል። «ውሃ መጣ! ከሌሊት ጀምሮ አልሄደም። ጀሪካኑን ሁሉ ሞላሁ፣ ድስቱን ሞላሁ፣ ገንዳውን ሞላሁ። አሁን እየፈሰሰ ነው፤ ኮሪደሩን ጨረሰው። ምን ላድርገው?»

«ዝጋው» አልኩት።

«አልዘጋ አለኝ እኮ» አለ። «ጎሚኒው ተበልቷል።»